ባንክ ሲሰጥ፦ ደብተሩ ካለቀ በኋላስ?

መስከረም ሲጠባ ባሕር ዳር ውስጥ የባንክ አርማ ያለበት ደብተር የያዘ ተማሪ ማየት ብርቅ አይደለም። ጥር ሲገባ ደግሞ አርማው ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። «ጥርን በባሕር ዳር» ሲከበር መድረኩ ላይም፣ ቲሸርቱ ላይም፣ ባነሩ ላይም የባንክ ስም አይጠፋም። በመካከሉ ያቺ የለመድናት ሥነ ሥርዓት አለች፤ የሰው ቁመት የሚያህል የካርቶን ቼክ፣ ፈገግ ያሉ ኃላፊዎች፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ።

ስጦታውን ማጣጣል አልፈልግም። ለልጁ ደብተር መግዛት የከበደው ወላጅ በሞላበት ከተማ ደብተር የሰጠ ይመስገን። ግን ደብተር ጥር ላይ ያልቃል። መድረኩም በማግስቱ ይፈርሳል። ለትምህርትና ለባህል የሚወጣው የባንክ ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል ወይ? እኔ ባንክን የምመዝነው በዚህች ጥያቄ ነው። ለጣና ዳር ሰው ደግሞ ጥያቄዋ አዲስ አይደለችም። በኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ እንይ። ባንክ የሚሰጠው አንተ ካስቀመጥከው ላይ ቆንጥሮ አይደለም። ያ ገንዘብ የባንኩ ዕዳ ነው፤ በጠየቅክ ጊዜ ይመልሳል። የሚሰጠው አበድሮ ከሚያገኘው ወለድና ከአገልግሎት ክፍያ ከሚሰበስበው ገቢ ነው። ከገቢው ላይ ለአስቀማጭ የሚከፈል ወለድ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የቅርንጫፍ ኪራይና ሌላው ወጪ ይቀነሳል። ከተረፈው ትርፍ 30 በመቶው ግብር ነው። ከግብር በኋላ ካለው ደግሞ 25 በመቶው በየዓመቱ ለሕጋዊ መጠባበቂያ ይቀመጣል፤ መጠባበቂያው የባንኩን ካፒታል እስኪያክል ድረስ። ባለአክሲዮኖች የሚከፋፈሉት ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው።

ስጦታ በዚህ መንገድ ላይ የሚገባው ከግብር በፊት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እንደሚለው፣ ለሕጋዊ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም መንግሥት ለአደጋ ጊዜ ላወጣው ጥሪ የተሰጠ ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል። ጣሪያው የዚያ ገቢ 10 በመቶ ነው። ምን ማለት ነው? ባንኩ በዚህ መንገድ 1 ሚሊዮን ብር ቢሰጥ፣ ባይሰጥ ኖሮ ከዚያው ላይ 300 ሺህ ብር ግብር ይከፍል ነበር። ስለዚህ ከሚሊዮኑ 700 ሺው የባለአክሲዮኖች ነው፤ 300 ሺው ወደ መንግሥት ካዝና ይገባ የነበረ ነው። (ካርቶኑ ላይ ይህ አይጻፍም።) አሠራሩ ጥፋት የለበትም፤ በብዙ አገር እንዲህ ነው። ግን ሕዝቡም ከስጦታው ላይ ድርሻ አለው ማለት ነው። ድርሻ ያለው ሰው ደግሞ «ገንዘቡ ምን ሠራ?» ቢል ነውር የለበትም።

ለበዓል መድረክ የሚከፈለው ስፖንሰር ሌላ ነገር ነው። እሱ የማስታወቂያ ወጪ ነው፤ እንደ ማንኛውም የሥራ ወጪ ይያዛል። ችግሩ ከመድረክ ላይ ሲነገር ሁለቱ መቀላቀላቸው ነው። ቢልቦርድ ይከራይበት የነበረውን ገንዘብ ለኮንሰርት አውጥቶ «ባህላችንን ደገፍን» የሚል ባንክ ውሸታም ባይባልም ሒሳቡን አቀላቅሏል።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። መሻሻል አለ፤ ግን አሁንም ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ ይወድቃል። በአማራ ክልል ደግሞ ጦርነቱ አለ። ከሰሜኑ ጦርነት የተረፉ ትምህርት ቤቶች ሳይጠገኑ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሌላ ግጭት መጣ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። የባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች ከገጠሩ ይሻላሉ። የሚሻሉትም ቢሆኑ ከገጠር ሸሽቶ የመጣውን ተማሪ ጨምረው መያዝ አለባቸው።

ለዚህ ሁሉ ደብተር መልስ አይሆንም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የጠፋው መማሪያ መጽሐፉ ነው። ሁለትና ሦስት ተማሪ ለአንድ መጽሐፍ፣ አንዳንዱም በስልክ ፒዲኤፍ። ላብራቶሪ ያለው ትምህርት ቤት ኬሚካል የለውም። ኮምፒዩተር የተሰጠው ትምህርት ቤት የሚጠግንለት የለውም። እነዚህ ሁሉ በየዓመቱ ገንዘብ የሚጠይቁ፣ ፎቶ የማያሳምሩ ወጪዎች ናቸው። የኬሚካል ጠርሙስ ይዞ ሥነ ሥርዓት ያደረገ ባንክ አላየሁም።

አንድ ጊዜ ሰጥቶ መሄድ ምን እንደሚያመጣ ጣና ራሱ አሳይቶናል። እምቦጭ ሐይቁን ሲወርረው አገር ምድሩ ገንዘብ አዋጣ። ማሽኖች መጡ። ሲመጡ ደስታው ልክ አልነበረውም። ከዚያ ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ የሠለጠነ ሠራተኛ የሚባል ነገር መጣ። ማሽኖቹ ያለ ሥራ ቆመው አረሙ የሚሰፋበት ጊዜ ነበር፤ ገበሬውም በእጁ ወደ መንቀል ተመለሰ። ለማሽኑ ገንዘብ የሰጠ ብዙ ነበር። ለናፍጣው ማን ይስጥ?

ወደ ቀደመው ጥያቄ ልመለስ። እዚህ ሐይቅ ላይ ትምህርትና ባህል ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት በአንድ ቀን ስጦታ አይደለም። ነገሥታቱና መኳንንቱ ለገዳምና ለደብር የሚሰጡት ዋናው ነገር ጉልት ነበር። ጉልት ሲሰጥ ከዚያ መሬት የሚገኘው ግብር በየዓመቱ ለደብሩ ይገባል። ካህኑም፣ መሪጌታውም፣ ቅኔ መምህሩም ከዚያ ይበላል። ተማሪውም መምህር ያገኛል። ንጉሡ ቢሞት መሬቱ አይሞትም። ዘጌን ተመልከቱ። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ተከሉ፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ታሪኩን እንደፈለጋችሁ ውሰዱት። ግን በሬ ሳይጠመድ የኖረው የዘጌ ጫካ ቡና ሕዝቡንም ገዳማቱንም ሲመግብ ኖሯል። በየዓመቱ ፍሬ የሚሰጥ ንብረት ማለት ይህ ነው።

አርማ መለጠፍም ቢሆን ዛሬ አልተጀመረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን ከደቅ ደሴት አጠገብ ሲያሠሩ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አሥለዋል፤ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው። ዛሬ በጀልባ የሚሄድ ሁሉ ያያቸዋል። ለባንክ የማርኬቲንግ ክፍል ይህን ብቻ እላለሁ፤ እቴጌይቱ ሥዕላቸው የታየላቸው ቤቱ ስለቆመ ነው።

ጉልትን ግን ገነት አድርጌ ልሥለው አልፈልግም። ግብሩን የሚከፍለው ገበሬ ነበር። የቅኔው ውበትና የደብሩ ጉልላት ከጭሰኛ ላብ ላይ የተገነባ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ማብቃቱ ለገበሬው ፍትሕ ነበር። በዚያው ቀን ግን የአገሩ አንጋፋ የትምህርት ሥርዓት ዓመታዊ ገቢውን አጣ። በቦታው እሱን የሚያህል አልተተካም። የጎጃምና የጎንደር ቅኔ ቤቶች፣ ዜማ ቤቶችና መጻሕፍት ቤቶች ዛሬም አሉ። ተማሪው ግን ቀፎ በሚያህል ጎጆ አድሮ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ቁራሽ እየለመነ ነው የሚማረው። በኑሮ ውድነቱና በግጭቱ መንደሩ ራሱ የሚቀምሰው ሲያጣ የቆሎ ተማሪው ምን ይውጠዋል?

እዚህ ላይ ትምህርትና ባህል አንድ ነገር ናቸው። የባንኮቹ ገንዘብ ግን እዚህ ሲደርስ ብዙም አይታይም። ምክንያቱም ይገባኛል። ባንክ የሁሉም ነው፤ ለአንድ እምነት አደላ መባልን ይፈራል። ገዳምና ቅኔ ቤትም በሕጉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተብሎ ላይመዘገብ ይችላል። ለመጀመሪያው ሥጋት መፍትሔው ለሁሉም በእኩል ዓይን መስጠት ነው። በወሎ እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ያሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም ከዚህ ያነሰ ታሪክ የላቸውም። ለሁለተኛው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክና ከእሱ በኋላ የመጣው የመምህራን አካዳሚ ነው። ገንዘቡን በእሱ በኩል ማሳለፍ ይቻላል።

ታዲያ በዘመናችን ጉልትን የሚተካ፣ ጭሰኛ የሌለበት ነገር አለ? አለ፤ ጥሩም መጥፎም ምሳሌ ያለው ጣሊያን ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ጣሊያን በቁጠባ ባንኮቿ ላይ ሕግ አወጣች። የባንኩ ሥራ ወደ አክሲዮን ኩባንያነት ተለወጠ። አክሲዮኑን የሚይዙ ፋውንዴሽኖች ተቋቋሙ። ፋውንዴሽኑ የትርፍ ድርሻውን በየዓመቱ ይቀበላል፤ ለትምህርት፣ ለባህል፣ ለምርምር ያወጣዋል። ባንኩ የሚሰጠው ሥራ አስኪያጁ ደስ ሲለው አይደለም። ሚላን ያለው ካሪፕሎ ፋውንዴሽን ከእነዚህ አንዱ ነው።

አሁን መጥፎው። ሲዬና የምትባል ከተማ አለች፤ በሕዝብ ብዛት ከባሕር ዳር በጣም ታንሳለች። በዓለም ላይ ካሉት ባንኮች ሁሉ አንጋፋው የሚባለው ሞንቴ ዴይ ፓስኪ እ.ኤ.አ. በ1472 የተመሠረተው እዚያ ነው። ከተማዋና ባንኩ አንድ ነበሩ። የባንኩ ፋውንዴሽን ዩኒቨርሲቲውን ይረዳል፤ የድሮ ሕንፃዎችን ያድሳል፤ ስመ ጥሩውን የፈረስ ግልቢያ በዓል ይደግፋል። የቅርጫት ኳስ ክለቡም በባንኩ ገንዘብ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ፋውንዴሽኑ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሰጠባቸው ዓመታት አሉ።

ፋውንዴሽኑ ግን ሀብቱን ከሞላ ጎደል በአንድ ባንክ አክሲዮን ላይ ነበር ያስቀመጠው። አመራሩ ውስጥም የከተማዋ ፖለቲከኞች እጅ ነበረበት። «ባንኩ የእኛ ነው፤ ከእጃችን አይውጣ» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ባንኩ ሌላ ባንክ በ9 ቢሊዮን ዩሮ ለመግዛት ተስማማ። ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ፋውንዴሽኑ የበላይነቱን ላለማጣት ተበድሮ ጭምር አክሲዮን ገዛ። ከዚያ የፋይናንስ ቀውሱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የፋውንዴሽኑ ድርሻ ወደ 2.5 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት የቅርጫት ኳስ ክለቡ ከሰረ። ባንኩን መንግሥት አዳነው። የከተማዋ ምንጭ ግን ደረቀ።

ሲዬናን ያነሣሁት በምክንያት ነው። «የእኛ ባንክ» የሚለው ስሜት እኛም ዘንድ አለ። ዓባይ ባንክ በ2003 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አማራ ባንክ ሰኔ 2014 ዓ.ም. ላይ ተከተለ። ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ደግሞ መነሻው እዚሁ ነው። ሰው አክሲዮን ሲገዛ ትርፍ ብቻ አልነበረም ያሰበው፤ የአገር ልጅነትም አለበት። ስሜቱ ክፉ አይደለም። ግን ባንክን ከከተማ ጉዳይና ከፖለቲካ ጋር ካጣበቅከው፣ ባንኩ ሲወድቅ ትምህርት ቤቱም ባህል ማዕከሉም አብረው ይወድቃሉ። ከአንድ ባንክ ይልቅ ከሦስትና ከአራት ባንክ በጥቂት በጥቂቱ የሚዋጣ፣ ባንኮቹ የማያዙበት ቦርድ የሚያስተዳድረው ፈንድ ይሻላል።

«ለምን ባንክ ውስጥ አስቀምጠን በወለዱ አንሠራም?» የሚል ይኖራል። እናስላው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የወሰነው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። 10 ሚሊዮን ብር በዚህ ሒሳብ በዓመት 700 ሺህ ብር ያመጣል። መጽሐፍ ለመግዛት ደህና ገንዘብ ነው። የዋጋ ንረቱ ግን ካለፉት ዓመታት በብዙዎቹ ከ10 በመቶ በላይ ነበር። ወለዱን እየበላህ ዋናውን ካልነካህ እንኳ፣ ያ 10 ሚሊዮን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመግዛት አቅሙ ግማሽ ይሆናል። ጉልት ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ጤፍ ሲወደድ የመሬቱም ገቢ አብሮ ይወደዳል። ስለዚህ ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንዱ ለፈንዱ አክሲዮን መስጠት ነው፤ ከአንድ በላይ ባንክ አክሲዮን። ሌላው ባንኩ ከትርፉ የተወሰነ እጅ፣ ግማሽ በመቶም ቢሆን፣ ለአምስት ዓመት እንደሚሰጥ መፈረም ነው። ትርፍ ሲያድግ ስጦታው ያድጋል። ትርፍ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ይህም ቢያንስ አስቀድሞ ይታወቃል።

ረጅም ቃል መግባት ለአፍሪካ ባንክ አይቻልም የሚል ደግሞ ኬንያን ይመልከት። ኤኩዊቲ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2010 ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ «ዊንግስ ቱ ፍላይ» የተባለ የነፃ ትምህርት ዕድል ጀመረ። ጎበዝ ሆነው የድሃ ልጅ የሆኑ ተማሪዎችን ተቀብሎ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርሱ ይይዛቸዋል። ክፍያው፣ ዩኒፎርሙ፣ መጽሐፉ፣ ትራንስፖርቱ፣ የኪስ ገንዘቡ ሁሉ ይሸፈናል። የአካባቢው ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይመርጣቸዋል። ከ10 ሺህ በላይ ልጆች አልፈውበታል። ባንኩ አልተጎዳም፤ በየገጠሩ ስሙ ገባ። አራት ዓመት ሙሉ ልጁን ያስተማረለትን ባንክ ወላጅ ይረሳዋል?

ባህሉ ላይ ደግሞ ባንኮች ከገንዘብ የሚበልጥ የሚሰጡት ነገር አላቸው። ባንክ ዕቃ መጠበቅ ያውቃል። ካዝና፣ መዝገብ፣ ድርብ ቁልፍ፣ ካሜራ፣ ኢንሹራንስ፤ ሥራው ይኼው ነው። የጣና ገዳማት ደግሞ የሚያስፈልጋቸው በትክክል ይኼው ነው። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ሌሎቹም በዕቃ ቤታቸው ብራና፣ ዘውድ፣ መስቀል ይዘዋል። እርጥበት አለ፣ ምስጥ አለ፣ ጧፍና እሳት አለ፣ ሌባም አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኧርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ አውሮፓዊ ምሁር የተወሰኑትን የጣና ብራናዎች ፎቶ አንስተው ዘርዝረዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ዘመን አልፏል።

መነኮሳቱ እንግዳ ሰው «መጻሕፍቱን ላንሳ» ሲላቸው ይጠራጠራሉ። ቢጠራጠሩ አልፈርድም። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተጫነው አብዛኛው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስለዚህ ሥራው ቀስ ብሎ፣ በገዳሙ ፈቃድ፣ ቅጂውም ለገዳሙ እየቀረ መሠራት አለበት። እሳት የማይበግረው ሣጥን፣ የተሟላ መዝገብ፣ በሶላር የሚሠራ መብራትና ካሜራ፣ ሁለት የሠለጠኑ ልጆች ከዚያው ከገዳሙ። ይህ አንድ ኮንሰርት የሚበላውን ያህል የሚበላ አይመስለኝም። ሴቶች ከማይገቡባቸው ከክብራንና ከዳጋ ደግሞ ፎቶው ሲወጣ፣ ባሕር ዳር ላይ ያደገች ልጅ የከተማዋን ቅርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየዋለች።

ጊዜው ለባንኮች ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብሔራዊ ባንክ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዝዟል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ፉክክር ሲጠና መጀመሪያ የሚቆረጠው እንዲህ ያለው ወጪ ነው፤ ወይም ሙሉ በሙሉ ወደ ማስታወቂያ ይዞራል። የውጭ ባንክ በገንዘብና በቴክኖሎጂ ይበልጣቸዋል። ቅኔ ቤት የት እንዳለ፣ የዘጌ ቡና መቼ እንደሚለቀም ግን አያውቅም። የአገር ውስጡ ባንክ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

የሚጠይቅ ሰውም አልጠፋም። አማራ ባንክ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ባለአክሲዮን አለው። ብዙዎቹ መምህር፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። የባንኮች የበጀት ዓመት ሰኔ ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። ጉባኤው ላይ ክርክሩ ሁሉ «ትርፍ ድርሻው ለምን አነሰ?» ነው። የስጦታዋ መስመር በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ አንድ ቁጥር ሆና ታልፋለች፤ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምን ውጤት አመጣ የሚል አይከተላትም። እጅ አውጥቶ «ከሦስት ዓመት በፊት ላብራቶሪ የሰጠነው ትምህርት ቤት ዘንድሮ ሙከራ ይሠራል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ አክሲዮን ይበቃል።